የዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋማትና የጉራጌ አገር

እንደሚታወቀው ሁሉ አንድ መንግሥት ከሌላው መንግሥት ጋር ለመወዳጀትም ሆነ ለመገበያየት፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ራሱን ለመከላከል፣ አስቀድሞ የዚያን አገር ሕዝብ ቋንቋውን፣ ሃይማኖቱን፣ እርሻውንና ገበያውን ማወቅ ያስፈልገዋል። ይህ ዕውቀት በጥንት ጊዜ በነጋዴና በመልእክተኛ አፍ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ግን ሥራው ከመልእክተኛው እጅ ወጥቶ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ተዛወረ። የለንደኑ የምሥራቅ አገሮች ጥናት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1916 ሲቋቋም፣ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ የሚላኩት የእንግሊዝ ሹማምንትና ነጋዴዎች የሚሄዱበትን አገር ቋንቋ ተምረው እንዲሄዱ ታስቦ ነበር፤ የአፍሪካ ስም በትምህርት ቤቱ ስም ላይ የተጨመረው ግን በ1938 ነው። በኒው ዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፈጸመ ማግሥት፣ በ1946፣ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ቤቱን ከፍቶ በዚያው ዓመት ስለ ሩሲያ ብቻ የሚመረምር ተቋም አቆመ፤ የምሥራቅ እስያና የአፍሪካ ተቋማትም ተከታትለው መጡ። እንግዲህ የምርምር ተቋም የሚባለው ነገር ከጥበብ ፍቅር ብቻ የተወለደ አይደለም፤ ከጥቅምና ከፍርሃትም ተወልዷል። ይህን ስንል ለማቃለል አይደለም። ከጥቅም የተነሣ የተጻፈ መጽሐፍ እውነት ሊሆን ይችላልና።

ስለ አገራችን የሚደረገው የአውሮፓ ምርምር ከዚህ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ወደ ጎታ ሄደው ግዕዝና አማርኛን ከነአገሩ ታሪክ ባያስረዱት ኖሮ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ተብሎ ባልተጠራም ነበር። የመጻሕፍቱ ስም ግን በሉዶልፍ ቀረ። ይህ አሠራር፣ ማለት ጠያቂው ከሩቅ መጥቶ ጠይቆ የሚመለስበት፣ ተጠያቂውም የተናገረውን ዳግመኛ የማያይበት አሠራር፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። ተጠያቂው አገር ራሱ ዩኒቨርሲቲ ሲያቆም ነገሩ ምን ያህል ተለወጠ? እኛ ይህን ጥያቄ የምንመለከተው ከወልቂጤና ከቡታጅራ ሆነን ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች እንደ ጉራጌ አገር ደጋግመው የተመላለሱበት ስፍራ ብዙ አይደለም።

ለጽሑፋችን መነሻ የሆነን አንድ ትንሽ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አካባቢው ታሪክ አጭር መግለጫ እንድናዘጋጅ በሥራ ታዝዘን፣ መዛግብት ይገኙበታል ወደተባለበት ስፍራ ሁሉ ተመላልሰን ነበር። ያገኘነው ጥቂት የደብዳቤ ፋይልና ገጹ የጎደለ አንድ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። የምናውቃቸውን መምህራን ብንጠይቃቸው «እሱስ ያለው ስድስት ኪሎ ነው» አሉን። ስድስት ኪሎ ሄድን፤ እውነትም አገኘነው። ነገር ግን ያገኘነው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይዘነው የወጣነው እንግሊዝኛ አልበቃ ብሎን፣ የአያቶቻችንን ቤት አሠራርና የእንሰታቸውን አተካከል መዝገበ ቃላት በጎናችን አስቀምጠን አነበብን።

የስድስት ኪሎው ተቋም ታሪክ ራሱ መነገር የሚገባው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ከጀመረ በኋላ፣ በዚያው በ1940ዎቹ ዓመታት መምህራንና ተማሪዎች አንድ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው መጽሔት ያወጡ ነበር። ተማሪዎቹ ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲመለሱ የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የዕርቁን ሥርዓት ሽማግሌ እየጠየቁ ይጽፋሉ፤ የተጻፈውም በማኅበሩ መጽሔት ይታተማል። በእኛ አስተያየት በአገራችን የዘመናዊ ምርምር ሥራ በትክክል የተጀመረው በዚህ ነው፤ ልጅ የአባቱን አገር ጠይቆ የጻፈበት በመሆኑም ከኋላ ከመጣው ብዙ ሥራ አንድ ብልጫ ነበረው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በተደረገ ጊዜ ሹማምንቱና መሳፍንቱ ተይዘው የቆዩትና ከነዚያም ብዙዎቹ የተገደሉት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ በኋላ ያንን ግቢ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ስታኒስላው ቾይናትስኪ የተባሉ የፖላንድ ተወላጅ ናቸው። በዚያው ዓመት የተቋሙ መጽሔት መውጣት ጀመረ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ የተመሠረተውም በዚሁ ዓመት፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። አዲስ አበባ የአፍሪካ መንግሥታት መሰብሰቢያ በሆነችበት ዓመት ስለ ራሷ የምትመረምርበትን ቤት መክፈቷ ያጋጣሚ ነገር ብቻ ነው ለማለት ይከብደናል። እንግዳ የሚቀበል ቤት ራሱን ማወቅ አለበት። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1959 በሮም፣ በ1963 በማንቸስተር ተደርጎ፣ ሦስተኛው በ1966 በአዲስ አበባ ተደረገ።

ወደ ጉራጌ አገር እንመለስ። ዊልያም ሻክ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በለንደን የሰው ልጅ ባህል ጥናት እየተማረ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 ድረስ በሰባት ቤት ጉራጌ፣ በተለይም በቸሃ ተቀምጦ አጠና፤ ኋላም ተመልሶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1966 ያሳተመው መጽሐፉ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ይጠራል። ስያሜው ከባድ ሐሳብ የያዘ ነው። እንሰት በማሳ ርቆ የሚዘራ እህል ሳይሆን ከደጃፍ የሚተከል፣ በከብት ፍግ የሚያድግ፣ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየተዛወረ ዓመታት የሚፈጅ ተክል ስለሆነ፣ ጉራጌን በአንድ መንደር አጽንቶ ያኖረው፣ ከብቱንና ቤቱን አንድ ላይ ያሰረው፣ የወንዱንና የሴቱን ሥራ የለየው እንሰቱ ነው ማለቱ ነው። ወንዱ ይተክላል፤ ያዛውራል። ሴቲቱ ትፍቃለች፤ በጉድጓድ ቀብራ ታቦካለች። ቆጮው በጉድጓድ ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ቤተ ሰቡን ያሻግራል። ይህን የምናውቀው ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ የአገራችን ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን የሚያውቁትን ነገር ምክንያቱን ማወቅ ሌላ ነው።

ሻክን በሁሉ ነገር አንቀበለውም። በ1971 እ.ኤ.አ. በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ጉራጌ በጉድጓዱ ብዙ ምግብ እያለው አብዝቶ አይበላም፤ ያለውን ከሰው ዐይን ይሰውራል፤ ከዚህም የሚመጣው የረኃብ ሥጋት በመንፈስ መያዝን ያመጣል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በቁጠባ መኖር እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥን ሰው በሥጋት የታመመ ማድረግ፣ ደግሞም በመስቀል ሰሞን ያ ቤት እንዴት እንደሚከፈት እያወቁ ይህን መናገር፣ ሚዛኑ ያጋደለ ይመስለናል። ነገሩን እዚህ ያነሣነው ከሻክ ጋር ለመከራከር አይደለም፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ2000 አርፏል። የጻፈባቸው የቸሃ ሽማግሎች ጽሑፉን ማንበብ ችለው ቢሆን ኖሮ መልስ ሊሰጡት ይችሉ እንደነበረ ለማመልከት ነው። ለክብሩ ግን ይህን መጨመር አለብን፤ የጉራጌን የቃል ትውፊት የያዘውን በ1974 የታተመውን ሁለተኛውን መጽሐፍ ያዘጋጀው ብቻውን ሳይሆን ከኢትዮጵያዊው ከሀብተ ማርያም ማርቆስ ጋር ነው፤ በመጽሐፉ ላይም የሁለቱ ስም ተጽፏል። አባ ጎርጎርዮስ ያላገኙትን ሀብተ ማርያም አገኙ።

ሁለተኛው ሰው ቮልፍ ሌስላው ነው። በፖላንድ ተወልዶ በፓሪስ የተማረ፣ በጦርነቱ ዘመን አይሁዳዊ በመሆኑ በፈረንሳይ ታስሮ የነበረ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ያመለጠ ሊቅ ነው። መቶ ዓመት ኖሮ በ2006 እስኪሞት ድረስ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ሲመረምር ኖረ። ስለ ጉራጌ ቋንቋዎች ያዘጋጀው ባለ ሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላት በ1979 ታትሟል። ጉራጌ አንድ ቋንቋ እንዳልሆነ፣ የሶዶው ለቸሃው፣ የቸሃውም ለስልጤው በቀላሉ እንደማይሰማ ለአገሩ ሰው የታወቀ ነው፤ ሌስላው ግን ቃሉን ከቃሉ፣ ከግዕዙና ከዐረቡም ጋር አስተያይቶ በዐምድ በዐምድ አሰፈረው። ዛሬ አያቶች ሲሞቱ አብሮ የሚሞተው ቃል ብዙ ነውና፣ የዚያ መዝገበ ቃላት ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም።

ከሌስላው ሥራ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አንባቢን ሳያስደንቅ አይቀርም። የጉራጌው ተወላጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ በቸሃ ቋንቋ ስለ አንድ የጉራጌ መንደር ልብ ወለድ ጻፉ። ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመውና እ.ኤ.አ. በ1964 የዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት «የሺኔጋ መንደር» በሚል ስም አሳተመው። በቸሃ የተጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ባሕር ማዶ በእንግሊዝኛ ተነበበ። ደራሲው ከዚያ በኋላ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ብዙ ጽፈዋል፤ ከነዚህም አንዱ ስሙን ያገኘው ከአፈርሳታ ነው። አፈርሳታ፣ ወይም አውጫጭኝ፣ ወንጀል የሠራው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ እየተጠያየቀ እውነቱን የሚያወጣበት የቆየ ሥርዓት ነው። ጥያቄውም መልሱም ፍርዱም በተጠያቂዎቹ ፊት ይደረጋል። የዩኒቨርሲቲ ምርምር ከዚህ ሥርዓት የሚማረው ነገር ያለ ይመስለናል።

ከዚሁ ትውልድ ፈቃዱ ገዳሙን ሳንጠቅስ ብናልፍ እንወቀሳለን። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው አገራቸውን ከመኪና መንገድ ጋር ለማገናኘት ማኅበር ማቋቋማቸው ይታወቃል። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ የሚወርደው መንገድ የዚህ ዐይነት ማኅበር የደከመበት ነው። ፈቃዱ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው የዶክተርነት ድርሰት ይህንኑ የመንገድ ማኅበር የሚመለከት ነው፤ በከተማ የሚኖረው ሰው ከአገር ቤቱ ጋር ያለው ማሰሪያ በማኅበር እንዴት እንደሚጸና ያሳያል። ሻክ እንሰቱን አየ፤ ፈቃዱ ግን ከእንሰቱ ወጥቶ መርካቶ የገባውንና ተመልሶ መንገድ የሚሠራውን ልጅ አየ። ይህ ልዩነት የመርማሪው ማንነት የሚፈጥረው ልዩነት ነው እንላለን።

የ1966ቱ አብዮት ከመጣ በኋላ ተማሪዎች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲሠማሩ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ስሙም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዚያን ዘመን ነገር ለማስረዘም አናስብም። የሚያስደንቀው ከዚያ ዘመን መካከል የቡታጅራው ሥራ መጀመሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም አቋቋመ። በዚያን ጊዜ መስቃንና ማረቆ ይባል ከነበረው ወረዳ ዐሥር ቀበሌዎች በዕጣ ተመረጡ፤ ዘጠኙ የገበሬ ማኅበራት፣ አንዱ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው። ደጋውም ቆላውም ተካቶበታል። ከዚያ በየቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ተቆጠረ። ቆጠራ ብቻ ቢሆን ብዙ አያስደንቅም፤ ልዩ የሚያደርገው ቆጣሪው ተመልሶ አለመሄዱ ነው። በዚያው አገር የሚኖሩ መዝጋቢዎች በመጀመሪያ በየወሩ፣ ኋላም በየሦስት ወሩ በየቤቱ እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ ይመዘግቡ ጀመር።

የመንግሥት ሥራ የምናውቅ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቀላሉ ይገባናል። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሕግ ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በሐምሌ ወር መጨረሻ 2008 ዓ.ም. ነው። የቡታጅራው መዝገብ ከዚህ በሠላሳ ዓመት ግድም ይቀድማል ማለት ነው። አንድ ሕፃን ተወልዶ በሦስተኛ ሳምንቱ ቢሞት፣ በሌላው አገራችን ለቅሶው ካለፈ በኋላ መንግሥት የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ በነዚያ ዐሥር ቀበሌዎች ግን መወለዱም መሞቱም ተጽፏል።

ሞቱ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም ተጠይቋል። ሐኪም ባልደረሰበት አገር የሞተ ሰው በምን እንደ ሞተ ለማወቅ መርማሪዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ፣ ሐዘኑ ጥቂት ከበረደ በኋላ እናቲቱን ወይም የቅርብ ዘመዱን የሕመሙን ምልክት በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው። ትኩሳት ነበረው? ትንፋሹ ይፈጥን ነበር? ስንት ቀን ተቀመጠ? ዶክተር ደስታ ሻሜቦና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሕፃናቱን ሞት መርምረው፣ ከሁሉ የሚበልጡት ገዳዮች የሳንባ ምችን የመሰለው የመተንፈሻ አካል በሽታና ተቅማጥ መሆናቸውን አሳዩ። ሁለቱም መድኃኒት ያላቸው በሽታዎች ናቸው። የመዝገቡ ከባድ ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ ያለ ምክንያት የሞተ ሕፃን በመዝገቡ ውስጥ የለም።

በዚህ መዝገብ ላይ ሌሎች ጥናቶች ተመሠረቱ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ብቻ እናነሣለን። የዓለም ጤና ድርጅት በዐሥር አገሮች ስለ ሴቶች ጤናና በቤት ውስጥ ስለሚደርስባቸው ጥቃት ባስጠናው ጥናት ኢትዮጵያ የተወከለችው በቡታጅራ አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ከሦስት ሺሕ የሚበልጡ ሴቶች ተጠየቁ፤ ባል ወይም ጓደኛ ከነበራቸው ከመቶ 71 የሚሆኑት በሕይወታቸው ዘመን በዚያው ሰው ተመትተናል ወይም ተገደናል አሉ። ጥናቱ ከተደረገባቸው ስፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነው። ቁጥሩ በ1998 ዓ.ም. ለዓለም ሲገለጥ የተቆጡ የአገራችን ሰዎች እንደነበሩ እናስታውሳለን፤ «ለምን በእኛ ስም ወጣ?» ይሉ ነበር። ቁጣው አይገባም አንልም፤ የቡታጅራ ስም በዓለም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከዚህ ቁጥር ጋር ተያይዞ ቀርቷልና። ነገር ግን ቁጥሩን የተናገሩት የውጭ መርማሪዎች አይደሉም፤ በየቤታቸው ለብቻቸው ሆነው የተጠየቁት ሴቶች ናቸው። እነዚያ ሴቶች በሽማግሌ ፊት ያላሉትን ለመዝጋቢዋ ያሉት ለምን እንደሆነ ሽማግሎቻችን ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ሁለተኛው የአእምሮ ሕሙማንን ይመለከታል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ዶክተር አታላይ ዓለም፣ ዶክተር ደረጀ ከበደና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በዚሁ አገር ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አስጠየቁ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ተለይተው ተገኙ፤ ከነርሱም የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። እንዴትስ ያያሉ? ሐኪሙ ያለው አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ በሽተኛው ግን በግንድ ታስሮ ወይም ከጠበል ጠበል እየዞረ ይኖራል። በዚህ ጥናት ሳቢያ በቡታጅራ ሆስፒታል በሥነ አእምሮ ነርሶች የሚመራ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ሥራ ጀመረ። መርማሪዎቹ 919 ሕሙማንን ለዐሥር ዓመት ተከታተሉ። ከነርሱ 121 ሞቱ። በጤነኛው ሰው ከሚደርሰው ሞት እጥፍ ነው፤ ሞታቸውም ዕድሜያቸው ከሚገባው በሠላሳ ዓመት ያህል የቀደመ ሆኖ ተገኘ። ከሟቾቹም ግማሽ ያህሉን የገደላቸው የአእምሮው ሕመም ሳይሆን ማንንም ሰው የሚይዝ ተላላፊ በሽታ ነው። ይህን ስናነብ ብዙ ጊዜ ቆም አልን። የአእምሮ ሕመምተኛ ሳንባው ሲታመም ማን ወደ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል? ቢወሰድስ ማን ያምነዋል?

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሥራ በሶዶ ወረዳ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ፣ ሕንድ፣ ኔፓል፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ በአንድነት በተካፈሉበት ፕሮግራም፣ በሶዶ ጤና ጣቢያዎች ያሉ ተራ የጤና ሠራተኞች ሥልጠና ተሰጥቷቸው የአእምሮ ሕሙማንን እንዲያክሙ ተደረገ። ሶዶ የጢያ ትክል ድንጋዮች አገር ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ድንጋዮች ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ቆመዋል። ጎብኚው ድንጋዩን አይቶ ይመለሳል እንጂ ከዚያ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ምን እንደተደረገ የሚነግረው የለም።

በመግቢያችን ስለ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ተናግረን ነበርና ወደዚያ እንመለስ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የሰላምና የደኅንነት ጥናት ተቋም አቋቁሟል። ተቋሙ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ተማሪዎች ተቀብሎ አስተምሯል፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮም በባሕር ዳር የአፍሪካ መሪዎች ስለ ጸጥታ የሚመክሩበትን የጣና ጉባኤ አሰናድቷል። ከዚያ በኋላ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ ከተማ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም በመስቃንና በማረቆ መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙ ሰው ከቀዬው ተሰደደ። መስቃንና ማረቆ ማለት በየወሩ ስንት ሰው እንደ ተወለደ ሲቆጠርበት የነበረው ያ ወረዳ ነው። የአንድ አገር ሰው የሚወለድበትንና የሚሞትበትን ሁሉ የሚያውቅ መዝገብ ጎረቤትና ጎረቤት ለምን እንደሚቀያየም አይነግርም። ይህን የመዝገቡ ጥፋት አናደርገውም፤ የተከፈተው ለጤና ነው። ነገር ግን አንዱ ተቋም ስለ ሱዳንና ስለ ሶማሊያ ሰላም፣ ሌላው ስለ ቡታጅራ ጤና፣ ሦስተኛው ስለ ሶዶ ቋንቋ ሲመረምር፣ በመካከላቸው የቀረ ክፍት ስፍራ መኖሩን ያ ዓመት አሳየን። በጉራጌ አገር የሰባት ቤቱ የጆካ ቂጫ፣ የሶዶው የጎርደና ሴራ ገና በሕይወት ያሉ የዳኝነት ሥርዓቶች ናቸው፤ በዕርቁ ጊዜ የተፈለጉትም ሽማግሎቹ ናቸው። የዕርቁ ቃል በምን ሁኔታ እንደሚጸና፣ በምንስ እንደሚፈርስ ቢጠና ኖሮ ለባሕር ዳሩም ጉባኤ የሚጠቅም ነገር ይገኝበት ነበር ብለን እናምናለን።

በ2004 ዓ.ም. ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በጉብሬ ተቋቋመ። ስለዚህ ከእንግዲህ «ያለው ስድስት ኪሎ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ሻክም ሌስላውም ፈቃዱም የጻፉት፣ የቡታጅራው መዝገብም ያፈራው ብዙ መቶ ጽሑፍ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ ቢቻል ፍሬ ነገሩ ወደ አማርኛና ወደ አገሩ ቋንቋዎች ተመልሶ የሚነበብበት ስፍራ ጉብሬ መሆን የሚገባው ይመስለናል። ሌስላው ከቃል ቃል የለቀመው መዝገበ ቃላት በቸሃ አገር መምህር እጅ የማይገባበት ምክንያት የለም።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው፣ በተለይ ለተማሪዎች፣ እኛ በድካም ያገኘነውን አንድ ነገር እንንገር። በመዝገብ ውስጥ «ጉራጌ ዞን» እያሉ የሚፈልጉ ከሆነ የቆየውን ጽሑፍ አያገኙትም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምዕራቡ ጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ ምሥራቁ ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ይባል ነበር፤ ሁለቱም በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ናቸው። ስልጤ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ናቸው፤ ማረቆም ልዩ ወረዳ ነው። የጤናው ጥናት ሁሉ በ«መስቃንና ማረቆ» ስም፣ የሻክ ሥራ በ«ቸሃ» ስም፣ የመንገዱ ማኅበር ታሪክ በ«ዓለም ገና» ስም ይገኛል።